አስፓራገስ፦ ሦስት ዓመት አስጠብቆ በሦስት ቀን የሚያረጅ አትክልት

ኤፕሪል ሲጋመስ በጀርመን አውራ ጎዳናዎች ዳርና በከተማ አደባባዮች ላይ ትናንሽ የእንጨት ሱቆች ብቅ ይላሉ። ከሁሉ ፊት የሚደረደረው ሸቀጣቸው እንደ ሻማ የነጣ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው የአትክልት ዘንግ ነው። ጀርመኖች ሽፓርግል ይሉታል፤ አማርኛ ግን አስፓራገስ የሚለውን ስም ተውሶ ቀርቷል። ጁን 24 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 17 ሲደርስ ሱቆቹ እንደ አመጣጣቸው ይጠፋሉ። ማሳው ላይ ዘንጉ ገና ብቅ ብቅ እያለ ገበሬው ቢላዋውን ይሰቅላል።

ሊሰበሰብ የሚችል ምርት ዓይኑ እያየ ሥራ ማቆም ለማንም ገበሬ ቀላል አይደለም። የዚህን ማቆም ምክንያት የተረዳ ሰው ግን የአስፓራገስን ነገር አብዛኛውን ተረድቷል ማለት ይቻላል። ከተተከለ በኋላ ለምን ሁለትና ሦስት ዓመት እንደማይነካ፣ ዋጋው ለምን ከጎመንና ከካሮት ዋጋ እንደሚርቅ፣ ገዝተው ፍሪጅ ውስጥ የረሱት እስር ለምን በጥቂት ቀናት እንጨት እንደሚሆን፣ ለእነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች መልሱ አንድ ሥር አለው። ቃሉንም በቁሙ መውሰድ ይቻላል፤ መልሱ የሚገኘው ከመሬት በታች ባለው የተክሉ ሥር ውስጥ ነውና።

የምንበላው የትኛውን ክፍሉን ነው?

አስፓራገስ አንድ ጊዜ ከተተከለ 15 እና 20 ዓመት፣ ሲመቸውም ከዚያ በላይ፣ በአንድ ቦታ የሚኖር ተክል ነው። በየዓመቱ ስለማይዘራ በዚህ ጠባዩ ከሰላጣና ከጎመን ይልቅ ለጌሾ ይቀርባል። ከመሬት በታች ያለው አካሉ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ዘንግ የሚወጣባቸውን ዓይኖች የያዘና በየዓመቱ ቀስ እያለ ወደ ጎን የሚሰፋ ወፍራም ክፍል ነው፤ እንደ ባሕር ዛፍ ጉቶ ደጋግሞ የሚያቆጠቁጠው እርሱ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ «ጉቶ» እያልን እንጠራዋለን። ሁለተኛው ከጉቶው ዙሪያ እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጉት፣ የእርሳስ ያህል የሚወፍሩት ሥጋማ ሥሮች ናቸው። ዋና ሥራቸው ስኳር ማከማቸት ስለሆነ «የስንቅ ሥሮች» ብንላቸው ተገቢ ይሆናል።

አፈሩ ሲሞቅ የጉቶው ዓይኖች ይነቁና ለጋ ዘንግ ወደ ላይ ይገፋሉ። ገበያ ላይ በእስር የሚሸጠው ይህ ለጋ ዘንግ ነው። በጎንና በጎኑ የተለጠፉት ሦስት ማዕዘን ቅርፊቶች እውነተኛ ቅጠሎቹ ቢሆኑም ምግብ በማዘጋጀት በኩል እዚህ ግባ የሚባል አስተዋጽኦ የላቸውም። ዘንጉ ሳይቆረጥ ከቀረ ጫፉ ይፈታል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ብሎም ጎፈሬ የመሰለ ለስላሳ ልምላሜ ይሆናል። በዚህ ጎፈሬ ላይ የሚታዩት መርፌ መሰል ነገሮች ቅጠል ይምሰሉ እንጂ የቅጠልን ሥራ ተክተው የሚሠሩ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ናቸው። የፀሐይን ብርሃን ወደ ስኳር የሚለውጡት እነርሱ ሲሆኑ፣ ስኳሩም ወደ ስንቅ ሥሮቹ ወርዶ እስከሚቀጥለው የዕድገት ወቅት ይቀመጣል።

እንግዲህ ዘንጉ ከመሬት ሲወጣ ራሱን የሚመግብበት ቅጠል የለውም፤ የሚያድገው ባለፈው ዓመት በተቋጠረለት ስንቅ ብቻ ነው። አንድ ዘንግ በቆረጥን ቁጥር ከጎተራ አንድ ቁና እንዳወጣን ይቆጠራል። ጎተራውን መልሶ የሚሞላው ጎፈሬው ነው፤ ጎፈሬ የሚሆነው ደግሞ ሳንቆርጥ የተውነው ዘንግ ነው።

የአገራችን «የሴት ቀስት» እርሱ አይደለም እንዴ?

ዘመዱ ነው እንጂ እርሱ አይደለም። በአገራችን ቁጥቋጦዎች መካከል እየተጠላለፈ የሚበቅለውና በባህላዊ መድኃኒትነት የሚታወቀው እሾኻማው የሴት ቀስት ከአስፓራገስ ወገን ነው፤ አበባ ሻጮች በጽጌረዳ እቅፍ መካከል የሚሰኩት ላባ መሰል ቅጠልም የዚሁ ወገን ነው። ይሁን እንጂ ለምግብ ተብሎ የሚመረተው ሌላ ዝርያ ስለሆነ አንዱን በሌላው ተክቶ መብላት አይገባም። ለምግብ የሚተከለው አስፓራገስ ራሱ እንኳ የሚበላው ለጋ ዘንጉ ብቻ ነው። በመጸው ጎፈሬው ላይ የሚታዩት ቀያይ ፍሬዎች ሆድን የሚያውኩ ስለሆኑ ልጆች ያሉበት ቤት ቢጠነቀቅ መልካም ነው።

ከተተከለ በኋላ ለምን ይህን ያህል ይጠበቃል?

ብዙ ሰው አስፓራገስን የሚጀምረው ከዘር ሳይሆን ከአንድ ዓመት ጉቶ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የችግኝ መደብሮች ጉቶው አፈሩ ተራግፎ፣ ሥሩ ተንዠርግጎ፣ በእስር በእስር ይሸጣል። ከዘር መጀመርም ይቻላል፤ ዘሩ ግን ለመብቀል ሳምንታት ይፈጃል፣ ጥበቃውንም በአንድ ዓመት ያራዝመዋል።

አዲስ የተተከለ ጉቶ ከሞላ ጎደል ባዶ ጎተራ ነው ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ዓመት የሚያወጣቸው ዘንጎች ክር የመሰሉ ቀጫጭን ናቸው፤ ሁሉም ጎፈሬ እንዲሆኑ ይተዋሉ። በሁለተኛው ዓመት ዘንጎቹ ወፈር ማለት ይጀምራሉ። የቆየው ልማድ በዚህ ዓመትም እጅን መሰብሰብ ነው፤ ዛሬ ዛሬ ግን ተክሉ ጠንክሮ ከታየ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ያህል ጥቂት መቁረጥን የሚፈቅዱ መመሪያዎች አሉ። በሦስተኛው ዓመት የመቁረጫው ጊዜ ወደ ሦስትና አራት ሳምንት ይረዝማል፤ ከዚያ በኋላ ስድስት፣ ቢበዛ ስምንት ሳምንት ይሆናል። ለ15 ዓመት ታስቦ የተተከለን ነገር ለአንድ ሰሃን ሰላጣ ሲሉ በሁለተኛው ዓመት ማዳከም፣ በዚህ ጸሐፊ ዓይን፣ የሚያዋጣ ስሌት አይደለም።

በምርቱ መጠን ላይ ልዩነት የሚያመጣ ሌላም ነገር አለ። አስፓራገስ እንደ ፓፓያ ወንዴና ሴቴ ተክል ለየብቻ አለው። ቀያዮቹን ፍሬዎች የምታፈራው ሴቴዋ ስትሆን፣ ለፍሬና ለዘር የምታወጣው ስንቅ ከጎተራው ይቀነሳል። ወንዴው ይህ ወጪ ስለሌለበት ብዙ ዘንግ ይሰጣል። በኒው ጀርሲ የሚገኘው የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ያወጣቸው እንደ ጀርሲ ጃየንትና ጀርሲ ናይት ያሉ ዝርያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዴ እንዲሆኑ ተደርገው የተዳቀሉት በዚህ ምክንያት ነው። የወንዴ ማሳ ሌላም ጥቅም አለው፤ ፍሬ ስለማይረግፍ በማሳው ውስጥ ያልተፈለገ ችግኝ እንደ አረም አይበቅልም።

የት ይተከላል? እንዴትስ?

ለሃያ ዓመት የሚኖርበትን ቦታ መምረጥ ቤት ለመሥራት ቦታ እንደ መምረጥ ነው፤ በኋላ ማንሳት አይመችም። አስፓራገስ ሙሉ ፀሐይ፣ ጥልቅና ውኃ የማይቋጥር አፈር ይፈልጋል። አሸዋማ አፈር ይስማማዋል፤ ዋልካና መረሬ ግን ጠላቶቹ ናቸው፤ ውኃ የተኛበት ጉቶ ይበሰብሳልና። እንዲህ ያለ አፈር ብቻ ያለው ሰው መደቡን ከፍ አድርጎ በብስባሽና በአሸዋማ አፈር መሙላት ይኖርበታል። ኮምጣጣ አፈርም አይወድም፤ የሚመቸው የፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ) ልክ ከ6.5 እስከ 7.5 ያለው ነው። ሰፊው የኢትዮጵያ ደጋ አፈር በኮምጣጣነቱ የሚታወቅ በመሆኑ ለመሞከር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ አፈሩን ቢያስመረምር፣ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝም ኖራ ቢጨምርበት ከብዙ ድካም ይድናል።

ከመትከል በፊት የሚሠራው ትልቁ ሥራ አረም ማጥፋት ነው። በተለይ ሰርዶ አንዴ ከጉቶው ጋር ከተጠላለፈ የተክሉን ሥር ሳይጎዱ እርሱን ነቅሎ መጨረስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። አስፓራገስ ጨው የመቻል ጠባይ ስላለው በቀድሞ ዘመን አንዳንድ አትክልተኞች አረሙን ለማጥፋት መደቡ ላይ ጨው ይበትኑ ነበር፤ ምክሩ ዛሬም ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ይሰማል። ጨው ግን የአፈሩን ጠባይ ያበላሻል፣ ወደ አጎራባች መደብም ይሻገራል። በእጅ ማረምና መደቡን በገለባ ወይም በደረቀ ቅጠል ማልበስ ይሻላል።

ተከላው በጸደይ፣ አፈሩ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ይከናወናል። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ይቆፈርና ከግርጌው የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ ይደለደላል። ጉቶዎቹ ዓይናቸው ወደ ላይ ሆኖ፣ ሥሮቻቸው በየአቅጣጫው ተዘርግተው፣ በመካከላቸው ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ተትቶ ይቀመጣሉ። በአንዱ ቦይና በሌላው መካከል ከአንድ ሜትር የበለጠ ርቀት ያስፈልጋል፤ በመትከያው ቀን ቦታው የባከነ ይመስላል፣ ጎፈሬው ሲያድግ ግን መተላለፊያ ይጠፋል። ቦዩ በአንድ ጊዜ አይደፈንም። መጀመሪያ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ይለብሳል፤ ዘንጎቹ ብቅ እያሉ ሲሄዱም አፈሩ በየጊዜው እየተጨመረ በወቅቱ መጨረሻ ከመሬቱ ጋር ይስተካከላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መጨመር ያስፈልጋል። አሮጌ የአስፓራገስ መደብ ሲያረጅ በዚያው ቦታ አዲስ መትከል አይገባም። አሮጌው ተክል ለአዲሱ የማይስማሙ ንጥረ ነገሮችን በአፈሩ ውስጥ ይተዋል፤ ሥርን የሚያበሰብሰው ፉዛሪየም የተባለ ፈንገስም ለብዙ ዓመት በአፈር ውስጥ ይቆያል።

መቼ ይቆረጣል? መቼስ ይቆማል?

ዘንጉ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ጫፉ ገና እንደ ተጨበጠ ጣት ጥብቅ ብሎ ሳለ ይቆረጣል። ጫፉ መፈታት ከጀመረ ከግርጌው እንጨት መሆን ጀምሯል ማለት ነው። ዕድገቱ በአየሩ ሙቀት ይወሰናል፤ በቀዝቃዛ ሳምንት በሦስት ቀን አንድ ጊዜ መዞር ሲበቃ፣ በሞቃት ሳምንት ግን ጠዋት አጭር የነበረው ማታ አልፎበት ይገኛል። ስለዚህ ወቅቱ ሲደምቅ በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለት ጊዜ ይዞራል።

አቆራረጡ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዘንጉን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ በእጅ መቀንጠስ ነው፤ በሚሺጋን ክፍለ ግዛት የተለመደው ይህ ነው። ዘንጉ ለጋነቱ የሚያበቃበት ቦታ ላይ ራሱ ይሰበራል፣ እንጨታማው ክፍል ማሳው ላይ ይቀራል። ሌላው በቢላዋ ከአፈር በታች መቁረጥ ነው፤ ይህ ረዥም ዘንግ ይሰጣል፣ ነገር ግን ቢላዋው አጠገብ ያለውን ገና ያልወጣ ዘንግ ወይም ጉቶውን ሊያቆስል ይችላል። ለጓሮ ተካይ የእጅ ቅንጠሳው ይበቃዋል።

የሰሜን ንፍቀ ክበብ ወቅት ብዙውን ጊዜ ከዓቢይ ጾም ማብቂያና ከፋሲካ ሰሞን ጋር ይገጣጠማል፤ ጀርመኖች በቅቤ መረቅና በሥጋ የሚበሉትን፣ ጾመኛ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ጠበስ አድርጎ ቢበላው ምንም አይጎድልበትም።

ወደ ማቆሙ እንመለስ። ላም አላቢ ሰው ለጥጃዋ ሳይተው ጡቷን አያሟጥጥም፤ የዛሬውን ቅቤ ቢያበዛም የነገዋን ላም ያጣልና። አስፓራገስ ተካይም የሚጠብቀው እንዲህ ያለ ልክ አለ። ጎተራው እየጎደለ ሲሄድ ዘንጎቹ ይቀጥናሉ። አብዛኞቹ ከእርሳስ የቀጠኑ ሆነው መውጣት ሲጀምሩ የሳምንቱ ቁጥር ባይሞላም መቁረጥ ይቆማል። ጀርመኖች ይህን ፍርድ ለእያንዳንዱ ገበሬ ከመተው ይልቅ በመጥምቁ ዮሐንስ የልደት በዓል፣ በጁን 24፣ ቋጭተውታል። ከዚያ ቀን እስከ መጀመሪያው ውርጭ ያለው ጊዜ ጎፈሬው ስንቅ የሚቋጥርበት ነው።

ስለዚህ ጎፈሬው አረንጓዴ ሳለ ግቢ ለማሳመር ተብሎ ፈጽሞ አይቆረጥም። በመጸው ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ሲሆን ስኳሩ ወደ ሥር ወርዷልና ያኔ ከመሬት ጋር ተስተካክሎ ይታጨዳል። ያጨዱትን ከማሳው ማራቅ ያስፈልጋል፤ የአስፓራገስ ዋግና ዘንጉን የሚበላው የአስፓራገስ ጢንዚዛ በደረቀው አገዳ ውስጥ ተጠልለው የብርዱን ወቅት ያሳልፋሉና።

ነጩና አረንጓዴው ሁለት የተለያዩ ተክሎች ናቸው?

አይደሉም። ልዩነቱ ብርሃን ነው። ዘንጉ ፀሐይ ሲያይ አረንጓዴውን ቀለም ይሠራል፤ ካላየ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ነጩን የሚያመርት ገበሬ በተክሉ ረድፍ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ የአፈር ትልም ያስነሣና ዘንጉ አናቱን ከአፈር ሳያወጣ፣ አፈሩ ላይ በሚታየው ትንሽ ስንጥቅ ብቻ እየተመራ፣ ረዥም ብረት ሰክቶ ይቆርጠዋል። በጀርመን ማሳዎች ላይ በትልሞቹ ላይ የሚዘረጋው ላስቲክ አንድ ገጹ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ነው። ጥቁሩ ወደ ላይ ሲደረግ አፈሩን አሙቆ ምርቱን ያፋጥናል፤ ነጩ ሲደረግ ፀሐይን መልሶ ያዘገየዋል። ገበሬው በዚህ ላስቲክ ገበያውን እያየ ማሳውን ያስሮጣል፣ ያስቆማል። ነጩ ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ከጫፉ በታች እስከ ግርጌው ይላጣል፤ አረንጓዴው አብዛኛውን ጊዜ መላጥ አያስፈልገውም። ሐምራዊው ግን ለብቻው የተዳቀለ ዝርያ ነው፤ ሲበስል ቀለሙን ለቅቆ አረንጓዴ ስለሚሆን ለቀለሙ ሲል የገዛው ሰው ጥሬውን ካልበላው ያዝናል።

ቀጭኑ ለጋ፣ ወፍራሙ ያረጀ ነው?

ይህ በገበያ ላይ የሚሰማ የተስፋፋ ስሕተት ነው። ዘንግ ቀጥኖ ተወልዶ እየቆየ አይወፍርም፤ ከመሬት ሲወጣ የነበረው ውፍረት እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። ውፍረቱን የሚወስነው የጉቶው ጉልበትና የስንቁ መጠን ነው። ወፍራም ዘንግ ስንቁ ከሞላ ጉቶ የወጣ ነው፤ በአግባቡ ከተቆረጠም ውስጡ ከቀጭኑ የሚለሰልስ ሊሆን ይችላል። ገዢ ማየት ያለበት ውፍረቱን ሳይሆን ጫፉንና የተቆረጠበትን ግርጌ ነው፦ ጫፉ የተጨበጠና ያልተፈታ፣ ግርጌው ያልደረቀና ያልተሰነጠቀ መሆኑን። ትኩስ እስር እርስ በርሱ ሲፋተግ ሲጥ ሲጥ ይላል።

ውርጭ በሌለበት አገር መትከል ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ተክሉ ዕረፍት ይፈልጋል። በሰሜኑ አገር ዕረፍቱን የሚሰጠው ብርድ ነው። ብርድ በሌለበት ደግሞ ሰው ይሰጠዋል። በፔሩ የባሕር ዳርቻ በረሃ፣ በተለይ በኢካ ሸለቆ፣ ገበሬዎች ውኃውን ይዘጉና ተክሉ በጥማት ጎፈሬውን እንዲያደርቅ ያደርጋሉ። ከዚያ ያጭዱታል፣ መልሰው ያጠጡታል፤ ጉቶውም ጸደይ የመጣ ይመስለውና ያቆጠቁጣል። በዚህ ዘዴ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ፣ ያውም ሌላው ዓለም ምርት በሌለው ወር ያመርታሉ። በመርህ ደረጃ የበጋው ድርቀት በሚረዝምበትና የመስኖ ውኃን መክፈትና መዝጋት በሚቻልበት የአገራችን ቆላማና ወይና ደጋ አካባቢም ይኸው መንገድ ሊሞከር ይችላል።

እንደ ታይዋንና ታይላንድ ባሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ሞቃትና እርጥብ በሆኑ አገሮች የሚሠራበት ሌላ ዘዴ አለ፤ የእናት ዘንግ ዘዴ ይባላል። ከእያንዳንዱ ጉቶ ከሦስት እስከ አምስት የሚደርሱ ጠንካራ ዘንጎች ሳይቆረጡ ጎፈሬ እንዲሆኑ ይተዋሉ፤ ሌሎቹ እየወጡ ይቆረጣሉ። እናቶቹ ዘንጎች ስንቅ ሲያስገቡ ገበሬው በሌላ በኩል ያወጣል። እናቶቹ ሲያረጁ በአዲስ ይተካሉ። ጎተራውን ከመሙላትና ከማጉደል ወቅት ይልቅ፣ በአንድ በር እያስገቡ በሌላው ማስወጣት ነው።

ዋጋው ለምን ይወደዳል?

ከላይ ከተነገረው አብዛኛው ምክንያት ይገኛል፦ መሬቱ ለሁለት ሦስት ዓመት ያለ ገቢ ይቀመጣል፣ መሰብሰቢያው አጭር ነው፣ ዘንጎቹም በአንድ ጊዜ ስለማይደርሱ በየቀኑ በሰው እጅ እየተመረጡ ይቆረጣሉ። ማሽን ይህን ምርጫ እስካሁን በሚገባ አልተካውም። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ድንበሮችን ሲዘጋ ጀርመን ከሩማኒያና ከሌሎች የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች የእርሻ ሠራተኞች በአውሮፕላን እንዲገቡ ለኤፕሪልና ለሜይ በየወሩ እስከ 40,000 ሰው ፈቃድ የሰጠችው፣ ሰው ከሌለ ዘንጉ ማሳው ላይ ጎፈሬ ሆኖ እንደሚቀር ስለምታውቅ ነበር።

በዓለም በብዛት የምታመርተው ቻይና ስትሆን ምርቷ በአብዛኛው እዚያው ይበላል። በአሜሪካ መደብሮች ዓመቱን ሙሉ የሚታየው በአብዛኛው ከሜክሲኮና ከፔሩ የሚመጣ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ሕግ ከፔሩና ከጎረቤቶቿ የሚገቡ ብዙ ሸቀጦች ከቀረጥ ነፃ ሲሆኑ የፔሩ አስፓራገስ ገበያውን አጥለቀለቀው፤ የአሜሪካ ገበሬዎች የሚዘሩት መሬትም እየጠበበ ሄደ። ለፔሩም ቢሆን ትርፉ ያለ ዕዳ አልመጣም፤ በኢካ በረሃ ማሳዎቹን የሚያጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ በመሆኑ የጉድጓዶቹ የውኃ መጠን ወደ ታች እየራቀ ሄዷል።

ከተቆረጠ በኋላ ለምን ቶሎ ያረጃል?

ድንችና ሽንኩርት ለመቀመጥ የተፈጠሩ ናቸው፤ ተክሉ ራሱ ዕረፍት ላይ ሆኖ ያከማቻቸው የስንቅ ዕቃዎች ናቸው። አስፓራገስ የዚህ ተቃራኒ ነው። የተቆረጠው በሩጫ ላይ ሳለ ነው። ከጉቶው ቢለይም መተንፈሱንና ለማደግ መሞከሩን አያቆምም፤ የአተነፋፈሱ ፍጥነትም ከአትክልቶች ሁሉ ከፍተኛው ተርታ የሚመደብ ነው። ከሥር የሚመጣለት ስንቅ ስለተቋረጠ በውስጡ ያለውን ስኳር ይበላል፤ ከግርጌው ወደ ላይም የእንጨትነት ክሮች እየጠነከሩ ይሄዳሉ። ጣፋጭ ጣዕሙ የሚሄደው፣ ለጋውም የሚጠነክረው በዚህ ምክንያት ነው። ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቀን የዋለ እስር ብዙ ጣፋጭነቱን ያጣል።

ይህን ሩጫ የሚያዘገየው ቅዝቃዜ ነው። አምራቾች እንደተቆረጠ በቀዝቃዛ ውኃ ያቀዘቅዙትና ከ0 እስከ 2 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከ95 በመቶ በማያንስ ክፍል ያኖሩታል፤ እንዲህ ሆኖ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሳምንት ይቆያል። በ0 ዲግሪ ላይ ከአሥር ቀን በላይ ከቆየ ደግሞ ብርዱ ራሱ ጫፉን ይጎዳዋል። የቤት ፍሪጅ ከዚህ የሚሞቅ ስለሆነ አራት አምስት ቀን፣ እጅግ ቢበዛ አንድ ሳምንት ብሎ ማሰብ ይሻላል።

በቤት ውስጥ የሚያዋጣው አቀማመጥ አበባን እንደማኖር ነው። ግርጌውን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ፣ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አቁሞ፣ ከላይ በፕላስቲክ ከረጢት ላላ አድርጎ ሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት። መቆሙ ለይስሙላ አይደለም፤ ዘንጉ ከተጋደመ እያደገ ስለሆነ ጫፉን ወደ ላይ ያጎብጣል። ነጩን በረጠበ ጨርቅ መጠቅለል ይበቃል። ከፖም፣ ከሙዝና ከበሰለ ቲማቲም ጋር ግን አይቀመጥም፤ እነዚህ ፍራፍሬዎች የሚያወጡት ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ዘንጉን ያጠነክረዋል።

ለወራት ማቆየትስ?

የሚመከረው ፍሪዘር ነው። ጥሬውን ማስገባት ግን አይበቃም፤ በዘንጉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች በበረዶም ውስጥ ቀስ እያሉ ይሠራሉና ጣዕሙና ቀለሙ ይበላሻል። ስለዚህ አስቀድሞ በሚንተከተክ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ቀቀል ይደረጋል፦ ቀጭኑ ሁለት፣ መካከለኛው ሦስት፣ ወፍራሙ አራት ደቂቃ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ አንድ ደቂቃ ይጨመራል። ከዚያ ለዚያው ያህል ጊዜ በበረዶ ውኃ ውስጥ ቀዝቅዞ፣ ጠፈፍ ብሎ፣ በከረጢት አየሩ ወጥቶ ይታሸጋል። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከስምንት ወር እስከ አንድ ዓመት ጥራቱን ይዞ ይቆያል። ሲወጣ እንደ ትኩሱ አይቆረጠምም፤ ለሾርባና ለወጥ ግን ይበቃል።

በመስታወት ማሰሮ አሽጎ መደርደሪያ ላይ ማኖር ጥንቃቄ የሚሻ ሥራ ነው። አስፓራገስ አሲድ ስለሚያንሰው አየር በሌለበት ማሰሮ ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ በሽታ የሚያስከትል መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። የዚህ ባክቴሪያ ዘር መሰል አካል ተራ የሚፈላ ውኃን ይቋቋማል፤ የሚያጠፋው ወደ 116 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ሲሆን ይህም የሚገኘው ለማሸጊያ ተብሎ በተሠራ፣ የግፊት መለኪያ ባለው ድስት ብቻ ነው። ግፊቱም ከከፍታው ጋር መጨመር አለበት። በባሕር ወለል ላይ እንኳ በተራ ድስት ቀቅሎ ማሸግ አደገኛ ከሆነ፣ ውኃው ገና 92 ዲግሪ ላይ በሚፈላበት ደጋ ምን ያህል የባሰ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። የግፊት ማሸጊያ የሌለው ሰው በተፈተነ የምግብ አሠራር መሠረት በኮምጣጤ ማቆየት ይችላል፤ የኮምጣጤው አሲድ የፒኤቹን ልክ ከ4.6 በታች ስለሚያወርደው ባክቴሪያው አይራባም፣ ለዚህም ተራ የፈላ ውኃ ይበቃል። ኮምጣጤው ግን በመመሪያው ከተጻፈው መጠን አይቀነስም፣ በውኃም አይቀጥንም።